በነጠላ ጫፍ የመጣው ፕሮሰሰር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

እማዬ ዛሬ ከአዲስ አበባ ገባች። ለጌም ብዬ ለምገጣጥመው ኮምፒውተር የቀረኝን ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ይዛልኝ መጣች። ስምንት ወር ሙሉ ዕቃ ስመርጥ ነው የከረምሁት። ግራፊክስ ካርዱን መካከለኛ አደረግሁ፣ ራሙንም ቀነስሁ፤ በፕሮሰሰሩ ግን አልተደራደርሁም።

ገና አረፍ ሳትል የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ፕሮሰሰሩ እዚያ ውስጥ ተቋጥሯል።

«ካርቶኑ የሌባ ዓይን ይስባል ብዬ እዚያው ጣልሁት። እስክደርስ ድረስ ከእጄ አልለቀቅሁትም» አለችኝ።

ከሥሩ ያሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ፒኖች ተጣመዋል። ጓዳ ገብቼ በመርፌ ላቃናቸው ስሞክር ሁለቱ ተቆረጡ፤ ያለ እነሱ አይሠራም። ሌላ የምገዛበት አቅም የለኝም። ካርዱም፣ ራሙም፣ ኬዙም አልጋዬ ሥር እንደተከመሩ ቀሩ።

በማን ልናደድ? እኔ ራሴ ብሆን ያን ያህል አልጠነቀቅለትም ነበር። ከካርቶኑ አታውጭው ብዬ አልነገርኋትም።

«ደህና ደረሰልህ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ደህና ነው» አልኋት። ደስ አላት። ነገ ከቅዳሴ መልስ ኮምፒውተሩ ሲበራ እንዲያዩላት ጎረቤቶቿን ጠርታለች።