የመኪና ልብስ የለበሱት ጽጌረዳዎች

ኅዳር 24
ዛሬም መጣ። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣው መምህር። ልክ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ጆንያ በብብቱ። ባለቤቴ ባለፈው ወር ስድስት የጽጌረዳ ችግኝ ተክላለች። ውርጭ እንዳይመታቸው ዙሪያቸውን ችካል ይተክላሉ፣ ጆንያ ያለብሳሉ፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይገልጣሉ። ሁለት ሰው ያስፈልገዋል እንዴ ይሄ? በመስኮት አየሁ። ሬዲዮ የምሰማ መስዬ።

ኅዳር 27
ሳቀች። ከት ብላ! ምን ቢላት ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት መኪና ስነዳ ስንት ወሬ ይዤላት ገብቻለሁ፣ እንዲህ ስትስቅ ግን... አላስታውስም። ደግሞ "አንተ፣ ያንን ገመድ አቀብለኝ" አለችው። አንተ! ከ"እርስዎ" መቼ ነው የወረዱት?
እራት ላይ "ምነው ዝም አልክ?" አለችኝ።
"ጥርሴን አሞኝ ነው።"

ኅዳር 28
ጥርሴን አላመመኝም።

ታኅሣሥ 5
እህቷ ታማ ለአራት ቀን ሄደች። በር ላይ "መምህሩ ይሸፍንልኛል፣ አንተ አትቸገር" ስትለኝ ደሜ ፈላ። እኔ እዚህ ቤት ማን ነኝ? "እኔ አለሁ" አልኳት። ለሱም በአጥር ነገርኩት፤ "አይልፉ መምህር።"
ጆንያ ምን ያደርጋል? የድሮ መኪናዬ ተሸጦ ልብሱ ቀርቷል፤ ከላይ የሚሸፍነው፣ ወፍራም ላስቲክ። ስድስቱንም ባንድ ጊዜ ጥቅልል አደረግኳቸው። ጫፉን በድንጋይ። በየቀኑ ማልበስ ማውለቅ ደግሞ ምንድን ነው? ሙሽሮች ናቸው? እስክትመጣ እንዲሁ ይቆይ።

ታኅሣሥ 9
ምን ሠራሁ...
ጠዋት ገለጥኩት። ቀን ፀሐይ ላስቲኩን ሲያግለው ከርሟል፣ ማታ ደግሞ ውስጡ የተጠራቀመው ውሃ ቅጠሉ ላይ እየቀዘቀዘ። ሁሉም ጠቁሯል። ሦስት ቅርንጫፍ ከላይ ተሰብሯል፣ ከላስቲኩ ክብደት። ከሰዓት ትመጣለች። ላስቲኩን ደበቅኩ። ጆንያውን መልሼ አለበስኳቸው፣ እንዳልነካኋቸው ሁሉ።

ታኅሣሥ 10
አለቀሰች። ከዚያ በቀጥታ ወደ አጥሩ። "ጆንያ ይበቃል ያልከኝ አንተ አይደለህም? ና ግባና እየው!"
ገባ። ጎንበስ ብሎ የተሰበረውን ዳሰሰ። ቀና አለና እኔን አየኝ።
"ተሳስቼ ይሆናል። ይቅርታ አድርጊልኝ" ብሏት ወጣ።
ጨዋ! ይሄኔ ነው ይበልጥ የቀናሁበት። የምሰድበው እንኳ አላስቀረልኝም።

ታኅሣሥ 20
መምጣት ትቷል። የፈለግሁት ይሄንኑ አልነበር? ታዲያ ምን ሆንኩ? እሷም ግቢ አትወጣም። ሻይ ሳቀርብላት "አመሰግናለሁ" ትለኛለች፣ እንደ እንግዳ። አትስቅም፣ አትቆጣም።

ታኅሣሥ 23
ነገርኳት። ሰሃን እያጠበች ነበር። ስለ ላስቲኩ፣ ስለ አራቱ ቀን፣ ስለ መደበቄ።
"ልታግዘኝ ብለህ ነው?"
አዎ ብላት ያልፍ ነበር። "ቀንቼ ነው" አልኩ።
"በስድሳ ሰባት ዓመትህ?"
"በስድሳ ሰባት ዓመቴ።"
አልሳቀችም። እጇን ጠራረገች። "እኔ እኮ ሰውየውን አዋርጄዋለሁ። ሂድና ለሱ ንገረው።"

ታኅሣሥ 24
ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ። ተናግሬ እንኳ ሳልጨርስ "አውቄያለሁ" አለኝ። "ውርጭ ቅርንጫፍ አይሰብርም።"
"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"
"ቤትዎን ላፍርስ?"
ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! እሱ ግን ወዲያው ወደ ችግኞቹ ወሬ ዞረ። የሞተ የሚመስለውን አሁን እንዳትቆርጡት፣ ብርዱ ይለፍ አለ። እሷ ይቅርታ ልትጠይቀው ከኋላዬ መጥታ ነበር። እኔ መንገድ ለቀቅኩላት።

የካቲት 3
አራቱ ሞተዋል። ትናንት ነቀልናቸው። ሁለቱ ከሥራቸው አቆጥቁጠዋል፣ ጥፍር የምታክል ቀይ ነገር። ብርዱ ገና አልወጣምና ማታ ማታ እንሸፍናለን፣ ሦስታችንም። ዛሬ መምህሩ ስለዘገየ እኔው ነኝ በአጥር የጠራሁት። ጆንያውን እሱ፣ ገመዱን እሷ፣ ችካሉን እኔ። መሀል ላይ አንድ ነገር አላት፣ አልሰማሁትም። ከት ብላ ሳቀች።
አንጀቴ አረረ። ለማን እዋሻለሁ፣ አረረ። አስራ እስክትጨርስ ግን ችካሉን ይዤ ቆምኩ።