የሸጋ የዓሣ ዘይት

ታኅሣሥ 3 ቀን 2011
ገብስ ተወቃ። ጥሩ ገብስ። እኔ ይኸው እናገራለሁ፣ የጎረቤቴ ልጅ አምሳለ ትጽፋለች። እንዳታሳምሪው ብያታለሁ።
ሀይማኖት የምትባለው አስተማሪ አስጠራችኝ። በልጅ ልጄ በሸጋ ጉዳይ። አራተኛ ክፍል ናት።
«አባባ፣ አትቀመጥም። አንዱን ሳትጨርስ ሌላ ትጀምራለች። ትናንት በመስኮት ወጣች።»
«በሩ ተዘግቶ ነበር?»
«ክፍት ነበር እንጂ!»
ሣቄን ዋጥሁ... እናቷ፣ ልጄ ውብአየሁ፣ ግን ከጫግኒ ደወለች። የግማሽ ዓመቱን ፈተና ካላለፈች ከትምህርት አስወጥቼ ሱቄ ውስጥ አስቀምጣታለሁ አለች። ሸጋን? ሱቅ ውስጥ? ሱቁ ይፈርሳል። እኔስ ከማን ጋር ልኖር ነው?

ታኅሣሥ 6
እንጅባራ ወሰድኋት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። «የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ይባላል» አለ። ስም አለው ለካ! እኔ ዕድሜ ልኬን ስሰደብበት የኖርሁት።
ልጄ ፀጋው ከባሕር ዳር የላከውን የዓሣ ዘይት ፍሬ አሳየሁት።
«አንዳንዱን ልጅ ትንሽ ይረዳ ይሆናል። ተአምር አይጠብቁ። በቀን አንድ ብቻ።»
እኔ የምለው... ዓሣ መቼ ተቀምጦ ያውቃል?

ታኅሣሥ 8
ውብአየሁ ደግሞ ተልባ ስጧት አለች። ተልባ! ፈረሴን ዳማውን ለጥር ሃያ ሦስቱ የፈረሰኞች በዓል የማፋፋው በተልባ ነው። ፈረስ የሚያስፈነጥዘውን ለዚች? እምቢ አልሁ። የዓሣው ይሻላል። በየማለዳው መዳፏ ላይ አኖርላታለሁ፣ ይዛው ትሮጣለች።

ታኅሣሥ 24
ተቀመጠች! አስተማሪዋ ራሷ ቤት ድረስ መጣች። «አባባ፣ ምን ሰጧት? ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ!» መድኃኒቱን የመረጠው ማን ነው? እኔ።

ታኅሣሥ 29
ገና። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ላገኘሁት ሁሉ ነገርሁ። የሰፈራችን ሰው አስማረ ዘይቱን ለልጁ ሊገዛ ነው። ቄሱም ጠየቁኝ። ለራሳቸው መሰለኝ።

ጥር 6
ጉድ! ማለዳ ጋጣ ገባሁ። ሸጋ ፍሬውን በጥርሷ በጥሳ የዳማው ገብስ ላይ ታንጠባጥባለች።
«ከመቼ ጀምሮ ነው?»
«ከመጀመሪያው። ይገማል፣ አባባ። እሱ ይወደዋል።»
ለካስ እኔ ፍሬውን ሰጥቻት ተመልሼ እንቅልፌን ስለጥጥ በየማለዳው ታበላዋለች፣ ታሻሸዋለች፣ ወንዝ ድረስ ጋልባ ትመለስና ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ፈረሱ የሚያብረቀርቀውስ? እኔ በተልባዬ ስኮራ!
መቆጣት ነበረብኝ። ሆዴን ይዤ ሣቅሁ። ከዚያ አስማረ ትዝ አለኝ... ሄጄ ነገርሁት። እኔ ራሴ!
«ዘይቱን የበላው ፈረሱ ነው።»
«እንግዲያ ለልጄ ፈረስ ልግዛ?»
ባለጌ።

ጥር 7
ለሐኪሙ ደወልሁ። እሱም ሣቀ። «ግልቢያውን አያስቀሩባት። እንቅስቃሴ ይረዳል። ክትትሉን ግን አይተዉ።» ለዳማው ዘይት ቀርቷል። አኩርፎኛል።

ጥር 16
ፈተና። ወንዝ ድረስ ሁለት ጊዜ አስጋልቤ አስገባኋት። ደጅ ቆሜ መስኮቱን ስጠብቅ ዋልሁ። ማንም አልወጣበትም።

ጥር 23
አለፈች! በሒሳብ ሰማንያ አንድ። ውብአየሁ ለበዓሉ እንጅባራ መጣች፣ ሸጋ ብትወድቅ ልብሷን ልትጭንበት ባዶ ሻንጣ ይዛ።
«ምን ሰጥተዋት ነው?»
«ምንም። ዘይቱን ፈረስ በላው።»
ይህን ስናገር አንገቴን አልደፋሁም። እኔን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ባዶ ሻንጣዋን ይዛ ተሳፈረች። ሸጋ ከሚኒባሱ ጎን እስከ ከተማው መውጫ ጋለበች። እናቷ በመስኮት «ቀስ! ቀስ በይ!» ትላለች። ሰው ሁሉ ደግሞ አስቁማት ይለኛል።
እኔ? «በይው!» እላታለሁ።