የሚጣ አከርካሪ

መስከረም 24

ቀኑን ሙሉ ሞረድ። የምሞርደው የሚጣን ነሐስ ነው... የታናሽ እህቴን። ሰም ማቅለጥ ያስተማርኳት እኔ፣ ለሆስፒታሉ ግቢ የተመረጠው የእሷ ሥራ። የእኔም ተወዳድሮ ነበር። «ጥሩ ነው፣ ግን ይከብዳል» አሉኝ መራጮቹ። ነሐስ ምን ሊሆን ኖሯል? ላባ?

ሥራዋ አከርካሪ ነው። ከሰው ቁመት ይበልጣል። ከታች ወፍራም፣ ወደ አንገቱ እየቀጠነ የሚሄድ። ሰው ነው ቢሉት ሰው፣ አይደለም ቢሉትም ያስኬዳል። ያምራል። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ባያምር ኖሮ በሰላም እሞርደው ነበር።

መስከረም 29

ሚጣ ወለደች። ሴት። ሄጄ ጠየቅኳት። አልጋ ላይ ሆና እንኳ ወሬዋ ስለ አከርካሪዋ ነው።

«እትዬ፣ ሲተከል እዚያ ሁኚልኝ። ካንቺ ሌላ ማንንም አላምንም።»

«እሺ» አልኩ። ሕፃኗን ሳምኳት። ሆዴ ግን... ተይው።

ጥቅምት 6

ምን አደረግኩ?

ማቅለጫ ቤት ውስጥ ቅርጹ ተዘቅዝቆ ነው ነሐሱ የሚፈስበት። እግሩ ወደ ሰማይ። ስለዚህ አቅላጩ በሚያፈስበት በኩል፣ ማለትም ወፍራሙ እግሩ ላይ፣ በጠመኔ «ላይ» ብሎ ይጽፋል። እኛ ለምደነዋል። ጽሑፉን ማጥፋት የእኔ ሥራ ነበር። ረሳሁት። እስከዚህ ድረስ በእውነት ነው የረሳሁት።

የሚተክሉት ግንበኞች ናቸው። «ላይ» የሚለውን አነበቡና ወፍራሙን ወደ ላይ፣ አንገቱን ወደ ታች አዞሩት። ፎርማኑ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እህቴ፣ እንዲህ ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ እንዲሁ ነው» አልኩት።

አንገቱን በስተው ብሎኑን ሲያጠብቁ ቆሜ አየሁ። ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

ጥቅምት 7

ሚጣ ደወለች። «ተተከለ?» ተተከለ። «ያምራል?» መጥተሽ እይው።

ጥቅምት 11

ሰው ሲስቅበት ለማየት ሄድኩ። የሚስቅ የለም። አንዲት በክራንች የምትሄድ ሴት ፊቱ ቆማ እንባዋን ትጠርጋለች። «ከላይ ያ ሁሉ ሸክም፣ ከታች እንዲህ ቀጥኖ... አልወደቀም እኮ» አለችኝ።

ሸክም? ሚጣ መቼ ሸክም አሰበች? ይቺ ልጅ ቢዘቀዝቋትም በእግሯ ነው የምታርፈው። አንጀቴ እርር ብሎ ተመለስኩ።

ጥቅምት 20

የአከርካሪው ምረቃ። ሚጣ ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። ፊቱ ቆመች። አንዴ ዞረችው፣ ደገመችው። ከዚያ ማይኩን ተቀበለች።

«እኔ ስሠራው በተቃራኒው ነበር። እንዲህ ያቆመችው እህቴ ናት። ዓይኗ ከእኔ ይበልጣል። ስሟ ከስሜ ጎን ይጻፍልኝ።»

ተጨበጨበልኝ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። እጅ ነሳሁ እኮ... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 23

ነገርኳት። እሷ ቤት፣ የልጅቷን ልብስ እያጣጠፍን። ስለ ጠመኔው፣ ስለ ፎርማኑ፣ ስለ «አዎ»ዬ። «ስትዋረጂ ላይሽ ፈልጌ ነው» አልኳት።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። የያዘችውን ልብስ አጥፋ ጨረሰች።

«ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እትዬ» አለች። «እኔ የሠራሁት፣ እንዴት ለእኔ ሳይታየኝ ለእሷ ታያት እያልኩ። በቅናት ልሞት። ለካ አንቺም አላየሽውም።»

ሌላ ልብስ ላጥፍ አነሳሁ።

«አሁን ሂጂ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ አንዴ እንኳ እንድትቀናብኝ ስመኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ቀንታብኛለች፣ እኔ አላወቅኩም። ያወቅኩት ዛሬ ነው፣ ቅናቷን በገዛ አፌ ከጨረስኩት በኋላ።