የሚዜ ቀሚሴና የአክስቴ ሎሚ

ሰኞ

ዚፑ ወገቤ ላይ ደርሶ ቆመ። «ትንፋሽሽን ያዢ» አለች ሰፊዋ። ያዝኩ። «ሆድሽንም።» እሱንም ያዝኩ። ዚፑ ግን ከኔ የባሰ እልኸኛ ነው።

እሑድ የእህቴ የለይላ ሠርግ ነው። አራት ሚዜዎች ነን፤ የሁላችንም ቀሚስ ከአንድ ጣቃ ተቆርጧል። ልካችን የተወሰደው ግን በረመዳን መጨረሻ ነበር። ከዒድ ወዲህ የሆነውን እኔና ድስቱ እናውቃለን።

ይሄስ ባልከፋ። ከደሴ የመጣችው የአጎቴ ልጅ ሰዓዳ «እስቲ ለጨዋታ ልሞክረው» ብላ ለበሰችው። ያ ከዳተኛ ዚፕ ሽው ብሎ ተዘጋላት! አክስቴ ከድጃ አጨበጨበች፦ «ማሻአላህ! ለሷ የተሰፋ ነው የሚመስል! አንቺ ልጅ፣ ቀሚሱ እስከ ዓርብ ካልገባሽ ሚዜዋ ሰዓዳ ትሁን።»

ለይላን ፀጉሯን ያበጠርኩ እኔ። ሚስጥሯን የደበቅኩ እኔ። አጠገቧ የምትቆም ሰዓዳ! አይሆንም።

ማክሰኞ

አክስቴ በባዶ ሆዴ ሎሚ በሞቀ ውሃ አጠጣችኝ። «ሎሚ ስብ ይቆርጣል። የሥጋ ድስት ሲታጠብ አላየሽም?»

«አክስቴ፣ ድስቱኮ ይፈገፈጋል» አልኳት።

«ምላስሽ እንደሾለ ወገብሽም ቢሾል ጥሩ ነበር!»

እሷ ራሷ ይኸን ሎሚ ስትጠጣ ስንት ዘመኗ ነው። ባጃጅ ውስጥ ስትገባ ሹፌሩ ሌላ ተሳፋሪ ሳይጠብቅ ይነዳል።

ዛሬ የበላሁት፦ ሎሚ። ግማሽ ዳቦ። ሎሚ። ማንም ሳያየኝ የዓሣ ጥብስ ጭራ።
ሰዓዳ የበላችው፦ ሦስት ዓሣ ከነራሱ፣ ከዚያ ጣቷን። አንድ ግራም አልጨመረችም። ወላሂ ግፍ ነው።

ረቡዕ

የአክስቴ ባል ጋሽ ይማም እህል ነጋዴ ነው፤ ሁሉን ነገር በሚዛን ነው የሚያምን። «ስብ የሚወጣው በላብ ነው» ብሎ ፈረደ። አክስቴ ሆዴን በፌስታል ጠቀለለችኝ፤ በላዩ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ የጋሽ ይማም ካፖርት። በጠራራ ፀሐይ እስከ ሐይቁ ዳር ሄጄ መመለስ ነበረብኝ። ሰዓዳ ጃንጥላ ይዛ፣ ሸንኮራ እየመጠጠች አጀበችኝ። ባጃጆቹ ሁሉ ለሷ ጥሩንባ ነፉ። ለካፖርቱ ማንም አልነፋ።

ስመለስ ጋሽ ይማም ሽንብራ የሚመዝንበት ሚዛን ላይ ወጣሁ። አንድ ኪሎ ቀንሻለሁ! አክስቴ እልል አለች። እኔም ሰዓዳን በዓይኔ ጥግ አየኋት። ከዚያ ጠማኝ። አንድ ጆግ ውሃ ጠጥቼ፣ ለደስታው ብዬ እንደገና ወጣሁ። ኪሎው ተመልሷል።

«ይኼ ሚዛን ተበላሽቷል!» አለ ጋሽ ይማም ተናዶ።

በር ላይ አንድ ገበሬ ሽንብራውን ተሸክሞ ቆሟል። «ታዲያ የኔ የትናንቱስ?» አለ።

ሾልኬ ወጣሁ።

ሐሙስ

ቁርስም ምሳም አልበላሁም። ትምህርት ቤት ሰሌዳው ዞረብኝ። የባዮሎጂ መምህራችንን «አንዲት ጓደኛዬ…» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

«ላቧ ውሃ ነው፤ ስትጠጣ ይመለሳል» አለች። «ሎሚም ስብ አያቀልጥም። ከሆዷ ብቻ ለይቶ የሚቀንስ ነገርም የለም። ሰውነት በአራት ቀን አይደለም የሚቀንስ፣ ቀስ ብሎ ነው። ደግሞ ጓደኛሽ ገርጥታለች፤ ሄዳ ትብላ።» ይህን ስትል ፊቴን እያየች ነበር።

ቤት ስገባ ሰዓዳ አፍንጫዋን ይዛ አብሽ ትጠጣለች። አክስቴ በላይዋ ቆማ፦ «ጨርሺው! አጥንት ብቻ ሁነሽ ማን ያይሻል!» ሰኞ ያጨበጨበችው አክስቴ ናት እንግዲህ።

አክስቴ ስትወጣ ሰዓዳ «ሰፈር ውስጥ ክብሪት ነው የሚሉኝ» አለችኝ። «ብበላ ብበላ አይጠጋኝም። እንዳንቺ ሰውነቴ ልብስ ሞልቶ አያውቅም።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይልቅ ቀናሁ፦ በልቶ አለመወፈርም ስሞታ ሆነ? ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ግማሹን አብሽ እኔ ጠጣሁላት። (ማር አለበት። በእዝነት ብቻ አይደለም።)

ቀሚሱ ነገ ነው። ሳልለካው አውቀዋለሁ፦ አይገባም።

ዓርብ

አልገባም።

አክስቴ ቀሚሱን ለሰዓዳ ልታቀብል እጇን ስትዘረጋ ለይላ ደረሰች። «ማን ወሰነ?» አለች። በአራት ቀን ውስጥ ሙሽራዋን የጠየቀ ሰው አልነበረም! እኔም ጭምር። ፈርቼ ነበር፤ ሰዓዳን ብትመርጥስ?

«አክስቴ፣ ሚዜዬ እህቴ ናት ወይስ ቀሚሱ? ጎኑ ተፈትቶ ቁራጭ ይግባበት። አብሽሪ አንቺም፣ ምን ያስለቅስሻል?»

አላለቀስኩም። ትንሽ ብቻ።

ሰፊዋ ከጣቃው የተረፈውን ጨርቅ አስገባችበት። ዚፑ ተዘጋ። ትንፋሼንም ለቀቅኩ፣ ሆዴንም ለቀቅኩ። አክስቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አላልኳችሁም? ሎሚው ሠራ!» አለች። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ለይላ «ሰዓዳም አምስተኛ ትሁን» አለች። ሰዓዳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አቀፍኳት፤ ከልቤ ነው፣ ከሞላ ጎደል። ለሷ አዲስ ቀሚስ ሊሰፋላት ነው። በእርግጥ ያምርባታል።

ከለይላ ቀጥሎ የምቆመው ግን እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።