እትዬ ሸጌ ዝም ያሉበት ግማሽ ሰዓት

ሰቆጣ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ስልኬን ለማያነሳው፣ ግን አሁንም ባሌ ለሆነው ለየሻምበል፦

እናትህ ደህና ናቸው። ይህን ያስቀደምኩት ወረቀቱን ሳትጨርስ ደንግጠህ መንገድ እንዳትጀምር ነው። ሲያሰቃያቸው የከረመውን የመንጋጋ ጥርስ ዛሬ ጠዋት ነቀልኩላቸው። እኔ፣ በገዛ እጄ! ደሙም ቆሟል። ከአልጋቸው አጠገብ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ጽሕፈቴ ቢጣመም አትፍረድብኝ፤ ለመፍረድ እንደምትቸኩል ግን አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት አሁን በጥርስ ሐኪምነት የምሠራበት ሆስፒታል ድረስ መጥተው፣ "ልጄ ወደ አንቺ እንዳልሄድ አስጠንቅቆኛል፤ ስለዚህ መጣሁ" አሉኝ። ጉንጫቸው አብጧል። ለካ አንተ ደግሞ ጥርሱ እስኪነቀል የደም ማቅጠኛውን ክኒን አቁሚው ብለሃቸዋል። የሻምበል፣ ልባቸው ውስጥ የተተከለው ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለዚያ ክኒን ደም ይረጋበታል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ማን ይመልሰዋል? የድድ ደም ግን በጣቴ ተጭኜም አቆመዋለሁ። አንድም ቀን እንዳያቋርጡ አስማልኳቸው።

የልብ ሐኪማቸውን በስልክ አማከርኩ። ወልድያ ሄደው ደማቸው ምን ያህል እንደቀጠነ አስለኩ፤ ትናንት ይዘውት የመጡት ውጤት ለመንቀል የሚፈቅድ ነበር። ቢደማ ቀኑ ሙሉ ከፊቴ እንዲሆን ብዬ ጠዋት ቀጠርኳቸው። ደም የሚያቆመውን መድኃኒት ከማዋለጃ ክፍል ለምኜ አመጣሁ፤ አዋላጇ ምስራቅ "ጥርስ ሊወልድልሽ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። ለቫልቩ የታዘዘላቸውን ፀረ ተሕዋስያን አስቀድመው ዋጡ። ነቀልኩ፣ ድዱን ሰፋሁ፣ በመድኃኒቱ የራሰ የቁስል ጨርቅ፣ ጎዝ፣ አስነከስኳቸውና ግማሽ ሰዓት አፋቸውን እንዳይከፍቱ ነገርኳቸው።

እናትህን ዝም ማሰኘት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ከክፍሌ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፤ አላፊው ሁሉ እንዴት አደሩ ይላቸዋል፤ ሰላምታ አለመመለስ ደግሞ ለእሳቸው ሞት ነው። አንዱን በቅንድባቸው፣ አንዱን በእጃቸው መለሱ። አሥር ደቂቃ ሲቀር አጎትህ አያ ገብረ ጻድቅ ጥርስ ማስነቀላቸውን ሰምተው መጡ።

አዎ፣ እሳቸው። አምና ተቀጥሬበት በነበረው ክሊኒክ ጥርሳቸው ተነቅሎ ሁለት ቀን የደሙት። ያንኑ ክኒን ይውሰዱ አይውሰዱ ማንም አልጠየቃቸውም። የሕክምና ካርዳቸው ላይ ግን የነቀለችው ተብሎ የእኔ ስም ተጻፈ። እኔ ያን ቀን ለተማሪዎች ምርመራ ፃግብጂ ነበርኩ። የክሊኒኩ ባለቤት አባረረኝ፤ አንተም አንድ ቃል ሳትጠይቀኝ አምነህ ሑመራ ወረድክ።

አያ ገብረ ጻድቅ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከእናትህ ፊት ቆሙ።

"ሸጌ፣ ይችን ልጅ በድያታለሁ። ጥርሴን የነቀለው ባለቤቱ ራሱ ነው። አትጉመጥመጥ እየተባልኩ፣ መጥፎ ደም ይውጣልኝ ብዬ በጨው ውኃ የረጋውን ስተፋ አደርኩ። አፍሬ ዝም አልኩ።"

እናትህ ጎዙን ሊያወጡ እጃቸውን ሰደዱ። መንጋጋቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ። "አሥር ደቂቃ፣ እትዬ። ስድቡም ምርቃቱም ይቆይ" አልኳቸው። እንባቸው በጣቶቼ ላይ ወረደ፤ አፋቸው ግን አልተከፈተም። ዓመት ሙሉ የጠበቅኩትን ቃል እየሰማሁ እኔ ሰዓቴን ነበር የማየው።

ጎዙን ሳነሳ ደም የለም። የረጋው በቦታው ቁጭ ብሏል። የመጀመሪያ ቃላቸው፣ "ጻፊለት። እኔ ከደወልኩማ ክፉ እናገረዋለሁ" የሚል ነበር። ጓደኛህ ንጋቱ ነገ ወደ ሑመራ ስለሚሄድ በእሱ ልኬልሃለሁ።

እስኪመሽ ከአጠገባቸው አልርቅም። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ብቻ ይወስዳሉ፤ መድማትን የሚያባብሱትን አስፕሪንና ዲክሎፍናክ ከቤታቸው አስወጥቻለሁ። የዛሬውን የደም ክኒንም በሰዓቱ ይውጣሉ። ጨው ውኃ ይዛ የምትመጣ ጎረቤት ከበር ትመለሳለች።

ይቅርታ እንድትለኝ አልለምንህም። ስሜ ከዚያ ካርድ እስኪነሣ የክሊኒኩን ባለቤት ፍርድ ቤት እከሰዋለሁ፤ አያ ገብረ ጻድቅም ሊመሰክሩ ቃል ሰጥተዋል። ይህን የማደርገው ላንተ ብዬ አይደለም።

እናትህን ያቆየልን አምላክ አንተንም ከሑመራ ሐሩርና ከወባዋ ይሰውርህ።

የግራ መንጋጋህ ጥርስ እንደገና እንደጀመረህ እናትህ ነግረውኛል። እዚያ ለማንም አፍህን አትክፈት። የሕክምና ወንበሬ ጠዋት ጠዋት ባዶ ነው።

እየሩስ