የሰኞው ንጉሥ

ሰኞ፣ መጋቢት 3

ዛሬም ጥሎን ሄደ። የጎረቤት አገር አምባሳደር ከነሚስቱ ተጋብዞ፣ ሙሉ በግ ሩዝ ላይ ተጋድሞ፣ ገና በወጉ ሳንጎርስ ንጉሡ ብድግ። «ይቅርታ፣ ሰዓቱ ደርሷል» አለ። የምን ሰዓት? የሶላት? የጦርነት? አይ... የፊልሙ። ከባሕር ማዶ በሳተላይት የሚመጣው፣ ሰዎች በመርከብ ከኮከብ ኮከብ የሚንከራተቱበት ተከታታይ። ስሙን እዚህ ደብተር ላይ አልጽፈውም፣ ወረቀቱ ያሳዝነኛል።

አምባሳደሩ ጥድፊያውን አይቶ አገር የተወረረ መስሎት ተነስቶ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። «ወንድሜን የመንግሥት ጉዳይ ገጥሞት ነው» አልኩ። አርባ ስድስት ዓመት ለሞላው ጎረምሳ ስዋሽ ፊቴ እንኳ አይቀላም አሁን። ለመድኩት።

በሮቹንም አስቀይሯል። እንደ ፊልሙ፣ ሰው ሲቀርብ በራሳቸው «ሽው» ብለው ይከፈታሉ። ጀራህ፣ ከአባታችን ዘመን ጀምሮ የንጉሥ በር ሲከፍት የኖረው ሽማግሌ፣ ሥራ የለውም። ግን አልሄደም። በሩ በራሱ ሲከፈት እሱ ጎንበስ ይላል። የከፈተው እሱ እንዲመስል ይሆን?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

አዲሷን የአደን ጭልፊት በመርከቧ ስም ጠራት። ወፏ አልመጣችም። በዚህ ቤት አስተዋይ የሆነች እሷ ብቻ ናት።

አርብ፣ መጋቢት 7

ከሶላት በኋላ ምሳ አብረን በላን። ሽብሊ (ዘውድ ጫነም አልጫነም ለእኔ ሽብሊ ነው) ምግቡን አይነካም። ይቁነጠነጣል። ምን ሆነህ ስለው...

«እቴ፣ ፊልሙን እዚህ ሊቀርጹ ነው! እኛ አገር!»

«እሰይ። ያው አንተም መኖሪያህ እዚያው ሆኗል።»

«እኔንም ያስገቡኛል። በመርከቧ መተላለፊያ ሣጥን ይዤ አልፋለሁ። ከአዛዡ ኋላ።»

«ምን ትላለህ?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው የማልፈው።»

ሳቄን አልቻልኩም። አገር ሙሉ ቆሞ የሚሰማው ሰው ሣጥን ተሸክሞ ዝም ሊል! «ንጉሥ ሆነህ በሰው ኋላ ልታልፍ?» አልኩት።

«እዚያ መርከብ ላይ ንጉሥ የለም እኮ። ደስ የሚለውም እሱ ነው» አለ። እና ሳቀ... ልክ በልጅነቱ ጥርሱ እንደወለቀ ጊዜ።

ልብስ ሰፊው ከሰዓት በኋላ መጣ። አመድማ ልብስ፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ። ሆዱ ጋ ሰፋ ይበል ተባለ። አባታችን ይህን ሳያይ መሞቱ...

ረቡዕ፣ መጋቢት 12

ቀልዱ አበቃ።

ሩሽዲ፣ የቱሪዝም ሚኒስትሩ፣ ካርታ ይዞ ሲንጎማለል አገኘሁት። ያ ሰው ሲሄድ እንኳ ለራሱ የሚያጨበጭብ ይመስላል። ፊልሙ የሚቀረጸው የት እንደሆነ አሳየኝ። ዋዲ ሁመይር፣ የሁመይር ሸለቆ!

«እዚያ ሰው አለ» አልኩት።

«ይነሳል፣ ልዕልት። ሰው የማይኖርበት ዓለም መምሰል አለበት። ድንኳን የለ፣ ፍየል የለ። ለሁለት ዓመት ይታጠራል።»

«የውሃ ጉድጓዱስ?»

«አጥሩ ውስጥ ነው። ውሃ በቦቴ እናመላልስላቸዋለን።»

ሁለት ዓመት በቦቴ! አንድ በጋ ውሃው ቢዘገይ ፍየሉ ያልቃል፣ ፍየሉ ካለቀ ሰው ይበተናል። የተበተነ ጎሳ ተመልሶ ሲሰበሰብ አይቼ አላውቅም።

እዚያ ሸለቆ ውስጥ ነው ወድሃ እኔንም ሽብሊንም ያጠባችን። በዚያን ጊዜ የንጉሥ ልጅ አጥንቱ እንዲጠና ወደ በረሃ ይላክ ነበር። እሷ የተቀበረችው ከጉድጓዱ በላይ፣ ድንጋዮቹ ጋ ነው። ልጇ ሸላሽ የጡት ወንድማችን ነው። በእኛ ዘንድ የጡት ወንድም ማለት ወንድም ማለት ነው፣ ግማሽ የለውም። እና ወንድሜ ጡት የጠባበትን ቦታ ሰው የማይኖርበት አስባለው። ለምን? ሣጥን ተሸክሞ ለማለፍ!

ሐሙስ፣ መጋቢት 13

ሸላሽ ጋ ደወልኩ። ሰምቷል። ፖሊስ መጥቶ እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቁ ብሏቸዋል።

«ለምን ወዲያው አልነገርከኝም?»

«ወንድሜ ያላወቀው ነገር መስሎኝ ነው እህቴ። ካወቀ ያስቆመዋል ብዬ።»

ምን ልበለው? ወንድምህ ያውቃል፣ ልብስ እየለካ ነው ልበለው? በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ንጉሡ ባለጉዳይ በሚቀበልበት ቀን፣ ሽማግሌዎቹን ይዘህ ና አልኩት። «ቡናህን እፊትህ አስቀምጥ» አልኩት። ገባው።

ሰኞ፣ መጋቢት 17

ራሴ ልናገር ብዬ ገባሁ። ሞኝ እኔ፣ ቀኑን መምረጥ ነበረብኝ። መጋረጃው ተዘግቶ፣ እሱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አፉ ተከፍቶ።

«ሽብሊ፣ ሁመይር ውስጥ ሰው አለ! ሸላሽን እያባረሩት ነው!»

እጁን አነሳ። «ሽሽ።»

ሽሽ! እኔን! አፍንጫውን ጠርጌ ያሳደግኩትን! ጮህኩ፣ የወድሃን መቃብር ጠርቼ ጮህኩ። ዓይኑን ከመስኮቱ... ከቴሌቪዥኑ ማለቴ ነው፣ አልነቀለም። ወጣሁ። ያ የተረገመ በር ቀሚሴን ያዘው። ጀራህ አላቀቀልኝ፣ ምስኪን፣ በዚህ ሳምንት ያገኛት ሥራ እሷ ናት።

ንቄዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በሙሉ ልቤ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 20

ሆነ። እንዴት እንደሆነ ግን...

ከሴቶቹ ፍርግርግ ጀርባ ተቀምጬ አየሁ። ሸላሽ ከሽማግሌዎቹ ጋር ገባ። ሽብሊ ተነስቶ አቀፈው፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ተሳሳሙ። ይህን እንኳ አልረሳም። ሩሽዲ በቀኙ ቆሟል፣ ካርታውን ታቅፎ። መልሱን አዘጋጅቶ ነው የመጣው፤ ካሳው፣ ቦቴው፣ የአገር ጥቅሙ። ምላሱ ሲንቀሳቀስ ከዚህ ይታየኛል።

ቡና ተቀዳ። ሸላሽ ፍንጃሉን ተቀበለና ምንጣፉ ላይ እፊቱ አስቀመጠው። አዳራሹ ሁሉ ወደ ፍንጃሉ ዞረ። ይህን እዚህ አገር ሕፃን ያውቀዋል፦ ሳይጠጣ የተቀመጠ ቡና ልመና አለኝ ማለት ነው። የቤቱ ጌታ «ጉዳይህ ምንድነው?» ይላል፣ እንግዳው ይናገራል፣ ክርክሩ ይመጣል። ከተስማማ «ጠጣ፣ ተፈጽሟል» ይለዋል። ያ ከተባለ በኋላ መመለስ የለም፣ ለንጉሥም ቢሆን። እናታችን ትለን ነበር፦ ሳይጠይቅ ጠጣ ያለ ሰው የልጆቹን ቤት ሰጠ።

ወንድሜ የእጅ ሰዓቱን አየ። አየሁት፣ በዓይኔ! የሰውየው ሕይወት ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ እሱ ሰዓት ያያል።

«ኧረ ጠጣ ሸላሽ፣ ይቀዘቅዝብሃል። ጉዳይህ ተፈጽሟል።»

«ጌታዬ፣» አለ ሩሽዲ፣ «ገና አልተናገረም እኮ!»

«ቸኩያለሁ» አለ ንጉሡ።

ሸላሽ ፍንጃሉን አነሳ። ጠጣ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጌታዬ ያድርግልኝ። የለመንኩት ሸለቆዬን ነው። ማንም እንዳያጥረው፣ ፊልሙም እንዳይገባ» አለ።

ካርታው ከሩሽዲ እጅ ወደቀ። ሽብሊ ግንባሩን መታ። «ወይ ጉድ! ምን አደረግኩ!» ሽማግሌዎቹ ግን ምርቃቱን ጀምረው ነበር።

ከፍርግርጉ ጀርባ አለቀስኩ፣ ሳቅሁም። የወድሃ ልጆች ዳኑ። በምን? በወንድሜ ቂልነት! መርከቧን ለማየት ሲቸኩል መርከቧን ራሷን አጣት። ይበለው። ነገ ሄጄ ፊቱን ማየት አለብኝ፣ ይህ ደስታ አያልፈኝም።

አርብ፣ መጋቢት 21

ሄድኩ። ስድቤን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ።

ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። አመድማው ልብስ ወንበር ላይ ተዘርግቷል።

«ምነው ጠፋ?» አልኩ። «ትናንት እንደዚያ ያስቸኮለህ?»

«ትናንት ምን ቀን ነበር እቴ?»

«ሐሙስ።»

ሐሙስ... ፊልሙ ሰኞ ነው! እኔ፣ ስንት የሰኞ እራት የተበላሸብኝ እኔ!

«ታዲያ ወዴት ነው የቸኮልከው?»

«ሩሽዲን ለመቅደም። ሸላሽን ጉዳይህ ምንድነው ብዬ ብጠይቀው ሩሽዲ አፉን ይከፍታል። እሱ አፉን ከከፈተ ደግሞ ውሉ ይወጣል። ፈርሜበታለሁ፣ ምክር ቤቱም አጽድቆታል። ወረቀቱ ላይ ‹ባዶ ሸለቆ› ነው የሚለው። ሰው ያለበትን ባዶ ይሉታል ብዬ አላሰብኩም። ሌላ፣ ሰው የሌለበት ዳር መስሎኝ...»

«ሰኞ ነገርኩህ! ሽሽ አልከኝ!»

«ጥሩ ቦታ ላይ ነበር» አለ። ቀላ። «ግን ሰምቻለሁ። ፊልም ሳይ ጆሮዬ አይደፈንም። እሰርዛለሁ ብል እስከ ክረምት ይከራከሩኝ ነበር፣ እስከዚያ አጥሩ ያልቃል። የፍንጃል ቃል ግን ማን ይከራከራል? ሞኝ ነው ብለው ስለሚያምኑ ደግሞ ማንም አልጠረጠረኝም።»

ከዚያ፣ «አንቺም» አለኝ።

እንዲህ አፍሬ አላውቅም። የልብሱን እጅጌ ነካሁ። ደህና አድርጎ ሰፍቶታል ሰውየው።

«ለብሰኸዋል?»

«አንዴ። መስታወት ፊት።»

ሰኞ፣ መጋቢት 24

የፊልሙ ሰዎች ወደ ሌላ አገር ሄዱ። አሸዋ የትም አለ። ሩሽዲ ታምሜያለሁ ብሎ ቤቱ ተኝቷል፣ ከዚያው ያቆየው። ሸላሽ ከሸለቆው የደረቀ እርጎና ቅቤ ላከ፤ ግማሹ ለእኔ ነው።

ማታ በሽብሊ በር በኩል እያለፍኩ ነበር። ለመግባት አላሰብኩም። በሩ ግን «ሽው» አለ፣ ጀራህም ጎንበስ አለ። ምን ላድርግ? ገባሁ። ተቀመጥኩ።

የማይረባ ነገር ነው። ግድግዳው ካርቶን እንደሆነ ያስታውቃል። አዛዡ አንድ ሰዓት ሙሉ እያፈጠጠ ይናገራል፤ ከዋክብቱ ደግሞ አምፖል ናቸው። ይህን ሁሉ ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ከአዛዡ ኋላ በመተላለፊያው አንድ አመድማ ልብስ የለበሰ ሰው ሣጥን ይዞ አለፈ። ፊቱ እንኳ በደንብ አልታየም።

ሁለታችንም አየነው። የወንድሜን እጅ ያዝኩ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 1

አምባሳደሩ ዛሬ ማታ ለእራት ልምጣ ወይ ብሎ አስጠየቀ። ማክሰኞ ይምጣ አልኩ።