ሦስተኛው በርሜል ላይ

ውድ ልጄ ሬሊን፣

ከሰው አፍ ከመስማትሽ በፊት እኔው ልንገርሽ። ፈረስሽን ዝንጅብልን ሸጥኳት። ትናንት ቅዳሜ፣ ዴልበርት ጨረታ ላይ። «እኔ ሳልልሽ እንዳትሸጫት» ብለሽኝ ነበር፤ አልረሳሁም። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩልሽ፣ አላነሳሽም። አልፈርድብሽም። ግን ይሄ ስልክ አይደለምና ጆሮዬ ላይ አትዘጊብኝም፤ እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

እዚህ ከጁን ወዲህ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። ኩሬው ደርቆ ላሞቹ መሀሉ ላይ ይተኙበታል። አባትሽ እንደምታውቂው በቀን አምስት ቃል ቢናገር ነው፣ ሦስቱ ለውሻው ናቸው። ሴፕቴምበር ላይ ግን ጋጣው በር ላይ ቆሞ «ድርቆሹ ከገና አያልፍም» አለኝና ሄደ። የቤተሰብ ስብሰባችን ይኸው ነበር።

ዴልበርትን ጠራሁት። እሱ ፈረስ ከሚያጫርት ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ የት መቼ እንደሚሸጥ እሱ ካላወቀ ማን ያውቃል ብዬ።

«ስሚ ቨርና» አለኝ ያቀረብኩለትን ኬክ እየጎረሰ፣ «በርሜል እየዞረች የምትሮጥ የሦስት ዓመት ፈረስ ገበያዋ አንድ ነው። ከገና በፊት፣ ኦክላሆማ ሲቲ፣ ትልቁ ውድድር ሲደረግ። ጃንዋሪ አንድ ላይ ፈረስ ሁሉ እኩል አንድ ዓመት ያረጃል። ያኔ አራት ሊሆናት ነው። ሰዉ ደግሞ እስካሁን ያልተሸጠችው ምን ነክቷት ነው ማለት ይጀምራል።»

«እኔንስ ምን ነካት ይሉኝ ይሆን?»

«አንቺንማ ሆይትን ካገባሽ ጀምሮ እያልንሽ ነው።»

ሳቅሁ። ካንቺ መሄድ በኋላ የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሲወጣ «ለብቻዋ ስትሮጥ ቪዲዮ ቅረጪና ላኪልኝ፣ ገዢዎች ማየት ይፈልጋሉ» አለኝ። ይኼን ያህል ቀላል ነገር ነበር።

ኦክቶበር ላይ፣ አርብ ማታ ከተማው ሜዳ ይዤያት ሄድኩ። የጎረቤታችን ልጅ ማርሊ ልትጋልብልኝ መጣች። መመዝገቢያው መስኮት ላይ ያለችው ሴትዮ «ልምምድ ነው ውድድር?» ብላ ጠየቀችኝ። ልምምድ ላይ ሰዓት አይያዝም። ስምም አይጠራም። ሬሊን፣ እኔ መስማት የፈለግሁት ስም ሲጠራ ነበር። በድምፅ ማጉያው «ዝንጅብል! ያሠለጠነቻት ሬሊን ታኬት!» ሲባል። ከወደቅሽ ወዲህ እዚያ ሜዳ ላይ ስምሽን የጠራ ሰው የለም። እኔም «ውድድር» አልኩ።

ከዲሴምበር አንድ በፊት ሰዓት የተያዘባት ፈረስ በሚቀጥለው ዓመት ትልልቆቹ የጀማሪ ፈረሶች ውድድር ውስጥ አትገባም። ይሄን ሕግ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ እኮ! ሌላ ሰው ሲሳሳት «አይ ጅል» እያልኩ ስስቅ የኖርኩ ሴትዮ! ስምሽ ተጠራ። አለቀስኩ። ያለቀስኩት በደስታ ነበር፤ ያበላሸሁትን ያወቅሁት ሰዓቱ ሰሌዳው ላይ ሲበራ ነው።

እሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከሦስቱ በርሜሎች ሁለቱን አንቺ እንዳስተማርሻት ጥብቅ አድርጋ ዞረች። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ግን ጆሮዋን ወደ ኋላ አዞረችና ቀዝቀዝ አለች። ማርሊ በተረከዟ ብትጎስማት ምንም የለም። እያዳመጠች ነበር። ያኔ ገባኝ። አንቺ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ አንገቷ ላይ ጎንበስ ብለሽ አንድ ነገር ትያት ነበር። ስንት ጊዜ አይቼሻለሁ! ምን እንደምትያት ግን አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም።

ዴልበርት ሲሰማ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን ያዘ። «ኦክላሆማ ሲቲን እርሺው» አለኝ። «ወይ ለጸደይ አቆዪያት፣ ወይ የኔ ቅዳሜ ጨረታ ላይ አምጫት።» ለጸደይ በምን ላቆያት? ቅዳሜ ጨረታ ላይ ደግሞ ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰውዬ ታውቂዋለሽ። ለሥጋ ነው የሚገዛው።  የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ስልክሽ ላይ እየደወልኩ ሁለት ሳምንት አለፈ።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ያንን ቀንም ላንሳው። ፌብሩዋሪ ላይ ሌላዋ ፈረሳችን ሳሊ አዳልጧት ይዛሽ ስትወድቅ አጥሩን ዘልዬ ገባሁ። መጀመሪያ የነካሁት የሳሊን እግር ነው። ዳብሼ ዳብሼ «አልተሰበረም!» ብዬ ጮህኩ። ዞር ስል አንቺ አፈሩ ላይ ተኝተሽ እያየሽኝ ነበር። አልጮኽሽም። 

ከዚያ በኋላ ስለ ጀርባሽ አወራን፣ ስለ ሐኪሙ አወራን፣ ስለዚያ ግን አንድም ቀን አላወራንም። ዳላስ ልትሄጂ ሻንጣሽን ስትይዢ እንኳ ስለ መንገዱ ነው ያወራሁሽ። እጄ ፈረስ መዳበስ ለምዶ ነው ብልሽ ለራሴም ያስጠላኛል።  አፍሬአለሁ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሳፍር ኖርኩ።

ትናንት ጨረታው ላይ ማይክሮፎኑን ሰጡኝ። «ሰዓት ተይዞባታል። ሦስተኛው በርሜል ላይም ፍጥነት ትቀንሳለች» አልኩ። ዴልበርት «ኧረ ሴትዮ፣ እዚህ ለመሸጥ ነው የመጣሽው ለንስሐ?» ብሎ ሰዉን አሳቀው። መጀመሪያ እጁን ያነሳው ያ የኋላ ወንበሩ ሰውዬ ነበር።  ከዚያ ከካንሳስ የመጣ አንድ አባት አነሳ። ደጋግመው ተፎካከሩና አባትየው ወሰዳት፣ ተመስገን። ልጁ ዳርሲ ትባላለች፤ ሃያ ዓመት አይሞላትም። እጇ ለስላሳ ነው፣ ልጓም አትጎትትም።

ልትጭናት ስትል መጥታ «ሚስ ቨርና፣ ሦስተኛው ጋ ምን ፈልጋ ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም የኔ ልጅ።»

«ያሠለጠናት ሰው ያውቃል?»

 አባትሽ የተሳቢውን በር እየቀረቀረ «ሬሊን ታውቃለች» አላት። አላያትም፣ እኔንም አላየኝም። 

እንግዲህ ይሄን የጻፍኩልሽ ይቅርታ ለመለመን ብቻ አይደለም። ፈረሷ እዚያች ቦታ ላይ ስትደርስ እያዳመጠች ትቀንሳለች። ዳርሲ ታግሣ ትሞክራለች፤ አባቷ ግን ስንት ጊዜ ይታገሣል? በጋው ሳያልቅ መልሶ ያመጣታል። ያ ሰውዬ ደግሞ ከኋላ ወንበሩ አይነሳም። እኔ ላደርግላት የምችለው አንድም ነገር የለም። ቃሉ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው።

የዳርሲን ስልክ ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ለእኔ አትደውይ። ለእሷ ደውይላትና ንገሪያት። የምትያት ምን እንደሆነ እኔ ባልሰማም ግድ የለም።

ካንቺ ፈረሷን አስቀድማ ያየችው እናትሽ፣
ቨርና